ሁለተኛው ዓምድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የወሰድኩት ከእጄ ሰዓት ነው። የቆምኩት ቡታጅራ ውስጥ፣ የልጅ ልጄ ሰላም በምትማርበት ትምህርት ቤት፣ በሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ነበር። ሰላም ሰባተኛ ክፍል ናት። ጠዋት የቤት ሥራ ደብተሯን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ረስታው ስለሄደች፣ ጡረተኛ አያት ከቀሩት ጥቂት ጠቃሚ ሥራዎች አንዱን ለመሥራት ደብተሩን ይዤላት መጣሁ።

በሩ ገርበብ ሲል ላምባ ሸተተኝ። ወለሉን ወልውለውበት ይሆናል፤ ወይም ከውስጥ አሮጌ ምድጃ ይኖራል። ሳላጣራ የማልፈው ነገር ጥቂት ነው፤ ይህን ግን አላጣራሁም። እዚያው ቆሜ ደብተሩን ገለጥኩ። በማስመሪያ የተሠመረ ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው፦ አደገኛው ነገር፣ ማንን ሊጎዳ ይችላል፣ የመድረሱ ዕድል፣ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ። አሲድ አለ፣ የተሰበረ ብርጭቆ አለ፣ የአልኮል መብራት አለ። በሁለተኛው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች የተጻፈው መልስ አንድ ብቻ ነው። ተማሪዎችና መምህሩ። ተማሪዎችና መምህሩ። ተማሪዎችና መምህሩ።

የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ፣ ከዚያ በር በእግር ሩብ ሰዓት በማያስኬድ ቦታ፣ እኔም ይህንኑ መልስ በዚሁ ዓምድ ውስጥ ጽፌ ነበር።

የተወለድኩት ቡኢ አጠገብ ነው። በአካባቢያችን ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልነበረ አባቴ ቡታጅራ ታላቅ እህቱ ዘንድ ላከኝ። እትዬ ዘርፌ እላታለሁ። ባሏ መርካቶ ይነግድ ነበር፤ የምናየው በመስቀል ብቻ ነው። ልጅ አልወለደችም። የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ስለነበረች ጎህ ሲቀድ ከእርሷ ጋር እወጣለሁ፤ እርሷ ክፍሎቹን ትጠርጋለች፣ እኔ ከግቢው ጉድጓድ ውኃ እየቀዳሁ በርሜሉን እሞላለሁ። ደወል ሲደወል እርሷ መጥረጊያዋን ይዛ ከኋላው በር ትወጣለች፣ እኔ በፊት ለፊቱ ተማሪ ሆኜ እገባለሁ። በሁለታችን መካከል ያለው ይህ የደወል ድንበር በኋላ ምን እንዳስከተለ ከመናገሬ በፊት፣ ስለ ቅቤ መናገር አለብኝ።

እትዬ ዘርፌ በሰፈሯ የዊጆ ሰብሳቢ ነበረች። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው፤ እያንዳንዷ በየሳምንቱ የተወሰነ ቅቤ ታመጣለች፣ የተሰበሰበው በየተራ ለአንዷ ይደርሳል። የሚመጣውን ቅቤ የምትመረምረው እርሷ ነበረች። አሽትታ የማን ላም እንደሆነ ትናገራለች፤ ጣቷን ልሳ ስንት ቀን እንደቆየ ትናገራለች። በኅዳር ወር ኩራዙን ስሞላ እጄ ተንሸራቶ ላምባው እንስራ አፍ ላይ በተቀመጠ አንድ ድቡልቡል ቅቤ ላይ ፈሰሰ። ስታገኘኝ እያለቀስኩ ነበር።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«ቅቤው ተበላሸ። ልጥለው ነበር።»

«ማን ይጥለዋል! ይታጠባል እንጂ። ሂድ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አምጣ።»

በገንዳ ውኃ ውስጥ ከተተችው። እያሸች፣ ውኃውን እየደፋች፣ እንደገና እየሞላች ሁለት ቀን ሙሉ ደከመችበት። በሦስተኛው ቀን አስሸተተችኝ፤ የላምባ ሽታ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ነገር በማንም ቤት ሲያጋጥም እርሷ ናት የምትጠራው። ይህን ሙያዋን ስለምወድላት ነው በዝርዝር የጻፍኩት፤ ዓይኗን ያጠፋውም ይኸው ሙያዋ ነው።

መምህር ደምሴ በታኅሣሥ መጡ። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላኩ ወጣት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከሃያ ሁለት አይበልጥም። ዛሬ ቢሆን የልጅ ልጄ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ሆኖም «እሱ» ብዬ ልጠራቸው እስከ ዛሬ አልቻልኩም። አንድ ሣጥን ሙሉ የሳይንስ ዕቃ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነው አመጡ፤ ባዶ የነበረችውን የዕቃ ክፍልም የሳይንስ ክፍል አደረጓት። ቁም ሣጥን አስገቡባት። መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው ከክፍል ውጭ ነበር። ጉድጓዱ ዙሪያ አሰለፉን።

«ይህ ጉድጓድ ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት ክንድ፣ ጋሼ!» አልኩ። ገመዱን የማውቀው እኔ ነኝ።

ክዳኑን አነሱት። «አሁንስ? ጥልቀቱ ጨመረ?»

«አልጨመረም!»

«ታዲያ የጨመረው ምንድን ነው?»

ክዳኑን እንደያዙ አንድ በአንድ አዩን።

«የእናንተ የመውደቅ ዕድል ነው የጨመረው። አደገኝነት የነገሩ ጠባይ ነው፤ አይለወጥም። ዕድሉ ግን እኛ በነገሩ ዙሪያ የምናደርገው ወይም የማናደርገው ውጤት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ወይ ሁሉን ይፈራል፣ ወይ ምንም አይፈራም።»

ከድር የሚባል፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ የስልጤ ልጅ ከጎኔ ነበር። «ጋሼ፣ የዳይሬክተሩ አለንጋስ?»

መምህሩ ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ነበር የወሰዱት። «አለንጋው አደገኛ ነገር ነው። ዕድሉ ግን በአንተ እጅ ነው፣ ከድር። አንተ ደግሞ በየቀኑ ስታሳድገው አያለሁ።»

ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ፣ ከዚያ ዓመት ሳቅ የማስታውሰው የመጨረሻው ነው ብል አጋነንኩ ይሆናል፤ ብቻ ሌላ አላስታውስም።

ከማናቸውም ሙከራ በፊት ሠንጠረዥ ያስሞሉን ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ሠንጠረዡ በአማርኛ ነበር፤ «በተውሶ ቋንቋ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም» ይላሉ። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ የክፍሉ ጸሐፊ አድርገው ሾሙኝ። ባለ ጠንካራ ሽፋን አንድ ትልቅ ደብተር ሰጡኝ፤ የጥንቃቄ መዝገብ ይባል ነበር። የገጽ ቁጥር አስገቡልኝ። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ ድርሻ ብቻ እንዲጻፍ አዘዙ። በየዓምዱ መልሱ ተጽፎ ሲያልቅ ከመልሱ ቀጥሎ በቀይ እስክሪብቶ አጭር መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር የለም።

ይህን መዝገብ እንዴት እንደተረዳሁት ልናገር። እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝ ክታብ ነበረ፤ በውስጡ የተጻፈውን ባላነብም እኔን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። መዝገቡም እንዲሁ መሰለኝ። አደጋው በቀለም ሲጻፍ ይታሰራል፤ ቀዩ መስመር ደግሞ ማሰሪያው ነው። ሠንጠረዡ የሚጠብቀው የሚያነበውንና የሚያደርገውን ሰው መሆኑ ለአንድም ቀን አልታየኝም። መጻፍ ብቻ በቂ ነበር።

ሶዲየም ያየነው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ቡናማ ጠርሙስ፣ ውስጡ ላምባ፣ በላምባው ውስጥ የሰጠሙ አምስት ወይም ስድስት ቅርጽ አልባ ጉማጆች። ጠርሙሱ ላይ «ውኃ ፈጽሞ እንዳይነካው» የሚል በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ፊደሎቹን ያደመቅኩት እኔ ነኝ።

«ማንን ሊጎዳ ይችላል?» አሉ መምህሩ እንደ ልማዳቸው።

«እኛን! ጋሼንም!»

«ሌላስ?»

«ማንም የለም፣ ጋሼ።»

ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ቀዩን መስመር አሰመሩ። እርሳቸውም መልሱን ተቀብለውታል፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ማዳላት ይሆንብኛል።

ጉማጁን በወረንጦ አውጥተው በቢላ ቆረጡት። ቢላው ያለ ድምፅ ገባ። የውስጡ ገጽ እንደ አዲስ ብር አብለጨለጨ፤ ወዲያው ደበዘዘና የቆየ ቅቤ መልክ ያዘ። ምስር የምታህል ቁራጭ በሳህን ውኃ ላይ ጣሉ። ቁራጯ ተንጫጫች፣ በውኃው ላይ ሮጠች፣ በመጨረሻም ቢጫ ነበልባል አወጣችና ጠፋች።

ማታ ሳይሆን ገና ጀንበር ሳለች ነው ቤት የደረስኩት። እትዬ ዘርፌ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«ዛሬስ ምን አስተማራችሁ ያ ልጅ?» አማርኛዋ የክስታኔ ጉራጌ ቅላፄ ነበረው፤ «ያ ልጅ» የምትለውም መምህር ደምሴን ነው። ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ የሚያበስልላቸው እንደሌለ ታውቃለች።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ በላምባ የተቀመጠ ነገር አለ። በቢላ ሲቆርጡት ልክ እንደ ቅቤ ነው። መልኩም ቅቤ ነው።»

«በላምባ?» ጎመኑን ከእጇ አስቀመጠች። «በላምባ ውስጥ ይቀመጣል?»

«አዎ።»

«እግዚኦ! ምን ዓይነት ነገር ነው?»

እዚህ ላይ ስለ እሳቱ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ምክንያቱን በትክክል አስታውሳለሁ። እትዬ ዘርፌ ወጣት ሙሽራ ሳለች ቡኢ ያለ ቤቷ ተቃጥሎባታል፤ ስለ እሳት ስትሰማ ትለወጣለች። መምህሩ በእሳት እንደሚያስተምሩ ብታውቅ ወደ ዳይሬክተሩ ሄዳ ከሳይንስ ክፍሉ ታስወጣኛለች፣ መዝገቡንም አጣለሁ። ስለዚህ የራሴን ጉዳት ብቻ መዘንኩ። «እሱን ገና አልተማርንም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ይህንንም እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

የሕማማት ሳምንት ረቡዕ፣ ጠዋት ገና ፀሐይ የዘቢዳር ተራራን ራስ ብቻ እንደነካች፣ ጉድጓዱ ጋ ስደርስ እትዬ ዘርፌ ባዶ ገንዳ ይዛ የሳይንስ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠራችኝ።

«ና እስቲ፣ አንድ ባልዲ ጥሩ ውኃ ቅዳልኝ። እንዳታደፈርሰው።»

«ለምንሽ ነው?»

«ለፋሲካ ነው። ልጅ ሁሉን አይጠይቅም።» ፈገግ አለች። በሕማማት ሳምንት እርሷ ፈገግ አትልም።

ሸሚዜ መሰለኝ። ለበዓል ያላየሁት ሸሚዝ ገዝታልኝ፣ ደብቃ ልታጥበው መሰለኝ። ስለዚህ ላለማየት ፊቴን አዙሬ ባልዲውን በሩ ላይ አስቀምጬላት ሁለተኛ ባልዲ ለመቅዳት ወደ ጉድጓዱ ተመለስኩ። ገመዱን እየሳብኩ ሳለ ፍንዳታ ሰማሁ። መጀመሪያ በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጎማ የፈነዳ መሰለኝ።

ከበሩ ነጭ ጢስ ወጣ። እትዬ ዘርፌ በጢሱ ውስጥ ወጣች። አልጮኸችም። ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ቀስ ብላ «ዓይኔ... ዓይኔ የት አለ?» ትላለች።

የተሞላውን ሁለተኛ ባልዲ ይዤ ሮጥኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ሰምተው እየገቡ ነበር። አንዷ «ውኃ! ውኃ አድርጉላት!» አለች። ዘበኛው ግን ወደ ክፍሉ አንገቱን አስግጎ አይቶ ነበር።

«እንዳታስነኳት!» ብሎ በእኔና በእርሷ መካከል ቆመ። «ውኃው ነው የሚነደው! በዓይኔ አየሁ እኮ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ራሱ ይነዳል!»

«ቅቤ አምጡ ታዲያ! ቅቤ!»

አንዲት ሴት ቅቤ ይዛ ስትመጣ አየሁ። የቃጠሎ መድኃኒታችን ቅቤ ነው።

በዚያች ቅጽበት ምን እንደማውቅ በትክክል ልመዝግብ። በመዝገቡ ገጽ አንድ በእጄ የጻፍኩት አለ፦ ማንኛውም ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያቋርጡ በብዙ ውኃ ማጠብ። በገጽ አሥራ አንድም በእጄ የጻፍኩት አለ፦ ሶዲየም፣ ውኃ ፈጽሞ እንዳይነካው። ሁለቱም የእኔ ጽሕፈት ናቸው። የትኛው እንደሚበልጥ የሚነግር መስመር መዝገቡ ውስጥ አልነበረም። ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሴቶቹ ዓይኗን በቅቤ ሞሉት። ገጽ አንድ ትክክል እንደነበር ያረጋገጥኩት ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዓይኗ ውስጥ የገባው ሶዲየሙና ውኃው የፈጠሩት ሥጋ የሚበላ ፈሳሽ ነበር፣ የሚያስወግደውም ብዙ ውኃ ብቻ ነበር። ቅቤው በቦታው ያዘው።

መምህር ደምሴ ገበያው አጠገብ ከተከራዩት ቤት ጫማቸውን ሳያስሩ ሮጠው ሲደርሱ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ሰውን በክንዳቸው ገፍተው፣ መሬት ላይ ያስቀመጥኩትን ያንኑ ባልዲ አንስተው ፊቷ ላይ ማፍሰስ ጀመሩ።

«ሌላ! ሌላ ውኃ አምጡ! ቅቤ የቀባት ማነው? ማነው ውኃ የከለከላት?»

ባዶውን ባልዲ ሲወረውሩልኝ አዩኝ። የተሞላ ባልዲ ቀድሞ እዚያ የደረሰው በማን እጅ እንደሆነ ተረዱ።

በእኩለ ቀኑ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወሰዷት።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ባዶ ሲሆን ወደ ሳይንስ ክፍሉ ገባሁ። ላምባው በጥንቃቄ ወደ ሌላ ብርጭቆ ተገልብጧል፤ ባለቤቱ እንዳይጎድልበት መሆን አለበት። ገንዳው ተሰንጥቋል። ጠረጴዛው ዳር ግን ምንም ያልነካው አንድ ነገር ነበረ፦ ታጥቦ የተዘረጋ የእንሰት ቅጠል፣ በላዩም ለማሰሪያ የተዘጋጀ ቃጫ። ቅቤ ለሰው ሲሰጥ የሚጠቀለለው እንዲሁ ነው። ሸሚዝ አልነበረም። ሁሉን የተረዳሁት ያን ቅጠል ሳይ ነው። ጾም ባይሆን ኖሮ እንደ ልማዷ ጣቷን ትልስ ነበር። ምላሷ ይቃጠል ነበር፤ ዓይኗ ግን ይተርፍ ነበር።

መዝገቡን አወረድኩ። ገጽ አሥራ አንድን ገለጥኩ። በሁለተኛው ዓምድ፣ ከቀዩ መስመር ቀጥሎ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ በመምህሩ ሥርዓት መሠረት ስም ሳልጠራ ጻፍኩ፦ ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። እርሷ ከተጻፈች አደጋው ይታሰራል፣ ከታሰረ ዓይኗ ይመለሳል ብዬ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያስባል ቢባል የማያምን ይኖራል። አስቤ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ዳይሬክተሩ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ጉዳዩን ሊመረምሩ ተቀመጡ። መምህር ደምሴ ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። እኔ እንደ ጸሐፊነቴ ተጠራሁ። መዝገቡ በገጽ አሥራ አንድ ተገልጦ ነበር።

«ይህ የአንተ ጽሕፈት ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«የሚያጽፍህ ማነው?»

«መምህሩ ናቸው።»

መልሴ ለአንድ መቶ መስመር እውነት፣ ለአንዱ መስመር ውሸት ነበረ። የተጠየቅሁት ስለዚያ አንድ መስመር ነው።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ። «ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ። እንግዲህ አቶ ደምሴ፣ ሴትዮዋ ልትጎዳ እንደምትችል ያውቁ ነበር ማለት ነው። አውቀው፣ አስጽፈው፣ ቁም ሣጥኑን ያለ ቁልፍ ተዉት። እኔ አላዋቂነት ነው ብዬ ልከራከርልዎ ተዘጋጅቼ ነበር እኮ!»

መምህሩ መዝገቡን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ቀዩን መስመር በጣታቸው ነኩ፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ጽሑፍም ነኩ። በገዛ እጃቸው ያሰመሩትን መስመር አያውቁትም ማለት አይቻልም። ከዚያ አዩኝ። የሚናገሩትን ጠበቅሁ።

«የተጻፈው ትክክል ነው» አሉ። «መጻፍም ነበረበት።»

ዓመቱን ሳይጨርሱ በሳምንቱ መጨረሻ በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ። ሣጥኑ ጣሪያው ላይ አልነበረም አሉ። ከድር አውቶቡሱን እስከ ድልድዩ ድረስ ሮጦ ሸኛቸው። እኔ አልሄድኩም።

እትዬ ዘርፌ በሰኔ ተመለሰች። ቀኝ ዓይኗ ፈሷል፤ ግራው ፀሐይን ከጥላ ብቻ ይለያል። አባቴ ሊወስደኝ ቢመጣም «ተወው፣ ትምህርቱን ይጨርስ፤ ለእኔም ዓይን ይሆነኛል» ብላ አስቀረችኝ። ዝናቡ ሲበረታ ከዊጆ ሴቶች አንዷ ጢስ የገባበት ቅቤ አመጣችላት፤ ከልማድ ይሁን ከርኅራኄ አላውቅም። ገንዳውን እኔ አቀረብኩ፣ ውኃውን እኔ ሞላሁ። እጆቿ ምንም አልረሱም። እያሸች፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ተናገረች።

«ቅቤ መስሎኝ እኮ ነው። እናቱ ከሩቅ ልካለት፣ ላምባ ፈሶበት፣ መጣሉ አሳዝኖት ያስቀመጠው መስሎኝ። አጥቤ ለፋሲካ ልሰጠው ነበር። ሳቀብኝ ይሆን?»

«አልሳቁም።»

«እሺ።» ውኃውን ደፋች፤ ሌላ ሞላሁላት። «አንተ ታውቅ ነበር እንዴ? ውኃ ሲነካው እንደሚነድ?»

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድብ ነበር። አልሰማሁም ማለት እችል ነበር።

«አላውቅም ነበር» አልኩ።

«እንኳንም አላወቅህ» አለች። «ብታውቅማ ትነግረኝ ነበር።»

እጇ ውኃው ውስጥ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ማሸቷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ደብተሩን እንደገለጥኩ ቆሜ ሳለ ከሳይንስ ክፍሉ ጀርባ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ አየሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ወጣት ሴት ቧንቧው ሥር ተቀምጣ፣ የሙከራ ብርጭቆዎችን በባዶ እጇ ታጥባለች። በአንዳንዶቹ ግርጌ ሰማያዊ ነገር ደርቋል።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ። ጓንት የለሽም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ። ነበረኝ፣ ተቀደደ።» እጇን አሳየችኝ፤ ጣቶቿ ጫፋቸው ተልጧል። «ይበላል ትንሽ እንጂ ምንም አይለኝ። ለምጄዋለሁ።»

«በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ነግረውሻል?»

«እኔን?» ሳቀች። «እኔ ተማሪ ነኝ እንዴ?»

ሰላም እየሮጠች መጣች። «አባባ! አመጣህልኝ! አዳንከኝ በቃ።»

«ቆይ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የጎደለ ሰው አለ።»

«የቱ?»

በከዘራዬ ወደ ቧንቧው አመለከትኩ። ሰላም አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ግራ ተጋባች።

«እሷ እኮ ሙከራ ስንሠራ የለችም።»

«ከሙከራው በኋላስ?»

«አባባ፣ መልሱ ከመጽሐፉ ነው የወጣው። ከጨመርኩበት ቲቸር ኤክስ ታደርግብኛለች። ከአሥር ነው የሚያዘው፣ በናትህ!» ደብተሩን ከእጄ ወሰደች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ገባች። በሩ ተዘጋ።

መምህርቷን አንኳኩቼ ልጠራት እችል ነበር። እጄን እስከ በሩ አደረስኩት። ከዚያ እኔ ማን ሆኜ እንደምነግራት አሰብኩ፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ማረም ያቃተው ሰው የሌላውን ሠንጠረዥ በምን አፉ ያርማል? እጄን መለስኩ። ከግቢው ስወጣ አምስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር።

ያልተፈታውን እንዳለ እመዘግባለሁ። መምህር ደምሴ «የተጻፈው ትክክል ነው» ሲሉ ጥፋቱን መቀበላቸው ይሁን፣ ወይስ ዘግይቶ የመጣውን መልሴን ማረማቸው፣ አላውቅም፤ በሕይወት ካሉም የት እንዳሉ ጠይቄ አላውቅም። እትዬ ዘርፌ «እንኳንም አላወቅህ» ስትለኝ አምናኝ እንደሆነ አላውቅም። በቧንቧው ሥር ያለችው ሴት ስም ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የሰላም ደብተር ሁለተኛ ዓምድ እንደነበረ ነው፤ ከአሥር አሥር አግኝታበታለች።